ላይብረሪው ሳይዘጋ ማስፋፋትና ማደስ፦ ከወንበር ቆጠራ እስከ መጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትሄዱ ብዙው ሱቅ ዘግቷል። የላይብረሪው መስኮት ግን ይበራል። እዚያ የተቀመጠው ልጅ ዶርሙ ውስጥ ጠረጴዛ የለውም። ያለው ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ አምፖልና የአምስት ስድስት ሰው ወሬ ነው። ለሱ ላይብረሪ መጽሐፍ የሚዋስበት ቤት ብቻ አይደለም። የራሱ ጠረጴዛ ነው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ «ላይብረሪውን ልናሰፋው ስለሆነ ለሁለት ዓመት ይዘጋል» ሲል የዚያን ልጅ ጠረጴዛ እየወሰደበት ነው። አራት ኪሎ ላይ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሁለቱም ትልቅ ሀብት ናቸው። ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነገ የሚፈተንበትን የሪዘርቭ (እዚያው ተነብቦ የሚመለስ) መጽሐፍ እዚያ ፍለጋ አይሄድም። ሌሊቱን ሲያጠና አድሮም ከዚያ ወደ ዶርሙ አይመለስም።

እኔ በመሐል አዲስ አበባ ባለ አንድ ግቢ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ወገን ሆኜ በእንዲህ ዓይነት እድሳት ላይ ሠርቻለሁ። ሳይዘጋ ማስፋት ይከብዳል። ጊዜም ገንዘብም ይጨምራል። ግን ይቻላል። ሁሉንም ነገር የሚገዛው ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ወንበር ከመነሳቱ በፊት ምትኩ ይቀመጥ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ሕግ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል ነው።

1. መጀመሪያ ወንበር ቁጠሩ

አርክቴክት ከመጥራታችሁ በፊት ቁጠሩ። አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ በቀን ሦስት ጊዜ ይዙር፦ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ለሁለት ሳምንት ይቀጥል። አንዱ ተራ ሳምንት፣ ሌላው የፈተና ሳምንት ይሁን።

ሦስት ነገር ለይቶ ይመዝግብ። ሰው ያለበት ወንበር። ደብተር ብቻ የተቀመጠበት ወንበር። ቦታ አጥቶ የሚዞር ሰው። ደብተር ያለበትን ወንበር ብዙዎች ባዶ ብለው ይቆጥሩታል። ስህተት ነው። ልጁ እራት ሊበላ ሄዶ ነው፤ ይመለሳል።

600 ወንበር አላችሁ እንበል። በተራ ሳምንት ቢበዛ 450 ከተያዘ 150ውን ለሥራው መልቀቅ ትችላላችሁ። በፈተና ሳምንት 600ውም ተይዞ 40 ሰው ቆሞ ከተገኘ ግን የምትለቁት የለም። እንዲያውም 40 ይጎድላችኋል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የጨረታው ሰነድ ውስጥ ይግቡ። በኋላ በቃል የሚነገር ነገር አይሆንም። ኮንትራክተሩ ዋጋ ሲሞላ «በተራ ጊዜ ከ450፣ በፈተና ጊዜ ከ600 በታች አይወርድም» የሚለውን አንብቦ መሆን አለበት። ካላነበበና ሥራ መሐል ላይ «ዛሬ አትቆፍሩ» ካላችሁት፣ የጊዜ ማራዘሚያና ካሳ ይጠይቃል። ቢጠይቅም እውነት አለው።

ምትክ ወንበር የት ይገኛል? ማታ ባዶ የሚሆኑ የመማሪያ ክፍሎች አሉ። የስብሰባ አዳራሽ አለ። ግን ወንበር ስለተደረደረ ብቻ ቦታው ማንበቢያ አይሆንም። መብራቱን እዩ። ሶኬቱን ቁጠሩ። ሽንት ቤቱ ማታ ክፍት ነው? ጥበቃ አለ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እዚያ ይደርሳል? አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ክፈቱትና ሞክሩት። ተማሪው ሁለት ቀን ሄዶ በሦስተኛው ከቀረ፣ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ጠይቁት።

2. ዝናቡንና ፈተናውን አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡ

የአዲስ አበባ ላይብረሪ ችግር እዚህ ላይ ነው። መደበኛ ተማሪው ግቢውን የሚለቀው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ለሥራ የሚመች ይመስላል። ግን ከተማው በዓመት ከሚያገኘው 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንባቢው ሲወጣ ዝናቡ ይገባል። ዝናቡ ሲያቆም አንባቢው ይመለሳል።

ስለዚህ ሥራውን በዓይነት ከፋፍሉት። ጩኸት ያለው ግን ጣሪያ የማይነካው ሥራ፣ ለምሳሌ የውስጥ ግድግዳ ማፍረስ፣ ወለል መንቀል፣ የኤሌክትሪክ መስመር መቆፈር፣ ለሐምሌና ለነሐሴ ይቀመጥ። የክረምት ተማሪዎች እንደሚመጡም አትርሱ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው መምህራን ናቸው፣ ያላቸው ጊዜም አጭር ነው። የመሠረት ቁፋሮና ጣሪያ የሚከፍት ሥራ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ይሠራ። የኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ጣሪያ ከጥቅምት በፊት አይከፈት፤ የካቲት ሲገባም ተከፍቶ አይገኝ። የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ዱብ ይላል።

ከዚያ የፈተና ሳምንታትን በቀይ አስምሩ። በነዚያ ቀናት ቀለም ይቀባ፣ ሽቦ ይጎተት፣ ቆጠራ ይሠራ። ምንም አይሰበር። ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካንም ጻፉ። የቀን ሠራተኛው አገሩ ይሄዳል፤ ቶሎ ይመለሳል ብላችሁ ለአርማታ ሙሌት ቀን እንዳትቆርጡ።

3. ወለሉ ምን ያህል እንደሚሸከም እወቁ

ብዙ ጥፋት የሚሠራው «ለጊዜው ነው» በሚል ቃል ነው። መደርደሪያዎቹን ለጊዜው ወደ ማንበቢያ አዳራሹ እንውሰዳቸው ይባላል። ቦታው ሰፊ ነው፣ ወንበሩም ተነስቷል። ግን የማንበቢያ አዳራሽ ወለልና የመጻሕፍት ማከማቻ ወለል እኩል አይሸከሙም።

እኛ አገር ሥራ ላይ ባለው፣ ከአውሮፓ ኮድ በተወሰደው የዲዛይን ደረጃ መሠረት፣ ጠረጴዛና ወንበር ያለበት ክፍል ቢበዛ በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ ይታሰብለታል። መጻሕፍት የሚከማችበት ግን 750 ኪሎ ገደማ ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ራሳችሁ አስሉት። ዘጠና ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አንድ ረድፍ መጽሐፍ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ፊት ያለው፣ በየፊቱ ስድስት ረድፍ ያለው መደርደሪያ 12 ረድፍ ነው። 360 ኪሎ ሆነ፤ ብረቱ ሳይቆጠር። የሚያርፈውም በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

እኛም ይህን ስህተት ሠርተናል። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ማንበቢያ ውስጥ መደርደሪያ ደረደርን። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጣችና «ታች ያለው ኮርኒስ ላይ እንደ ፀጉር ያለ መስመር አለ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ኮርኒሱ ሲነሳ ቢሙ (ወለሉን የተሸከመው አግዳሚ) ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታየ። መሐንዲሱ ጄሶ በጥብጦ ስንጥቁ ላይ እንደ ፕላስተር አሻግሮ ለጠፈ፤ ከላዩ ቀኑን ጻፈበት። ከአራት ቀን በኋላ ጄሶው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ እየሰፋ ነበር ማለት ነው። በዚያው ቀን መደርደሪያዎቹን ማራገፍ ጀመርን። የዚያች ሴት ዓይን ባይኖር ምን ይመጣ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ከዚህ የምታገኙት ሦስት ነገር ነው። መጽሐፍ ከመዛወሩ በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ቦታውን አይቶ በጽሑፍ ይፍቀድ። ከባድ ነገር በተቻለ መጠን መሬት ላይ ይረፍ። ስንጥቅ ካያችሁ ጄሶ ለጥፉና ቀን ጻፉ፤ ለመሐንዲሱም ያኔውኑ ደውሉ።

መሬት መንቀጥቀጡንም አስቡ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳውን ንዝረት አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። መደርደሪያ ሁሉ፣ ጊዜያዊም ቢሆን፣ ከላይ እርስ በርሱ በብረት ይታሰር። ዳር ያለው ከግድግዳው ጋር በቡሎን ይያዝ። ከራስ በላይ በሚሆነው ረድፍ ከባድ ጥራዝ አታስቀምጡ።

4. ፈቃድና የቆዩ ፕላኖች

ይህን ባጭሩ ልለፈው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ መደበ። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃን «ሐ» ውስጥ አስገባ፤ ማለትም በተመዘገበ ባለሙያ የተሠራ ሙሉ ዲዛይን እንዲኖረው ጠየቀ። ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ ማመቻቸትንም ግዴታ አደረገ።

ግቢው ታሪካዊ ከሆነ ከቅርስ ባለሥልጣን ጋር ንድፍ ከመሣሉ በፊት ተነጋገሩ። ስድስት ኪሎ ያለውን አስቡ። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚቆም ማንኛውም ግድግዳ የሚጋርደው ነገር አለ።

የድሮውን ፕላን ፈልጉ፤ ግን አትመኑት። የቧንቧና የሽቦ መስመር ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። ኮንትራት ከመፈረሙ በፊት በሦስት አራት ቦታ ከፍታችሁ እዩ። አሮጌ ጣሪያ ላይ አስቤስቶስ፣ አሮጌ ቀለም ላይ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ሳይመረመር በግራይንደር አይነካ፤ አንባቢው በዚያው ሕንፃ ውስጥ እየተነፈሰ ነው።

5. አዲሱን ጨርሱ፣ ከዚያ አሮጌውን ክፈቱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ማስፋፊያው ከአሮጌው ሕንፃ ጎን ይገነባል። ያልቃል። ይፈተሻል። መጻሕፍትና አንባቢ ወደ አዲሱ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ብቻ የአሮጌው አንድ ክንፍ ይዘጋል። እሱ ሲያልቅ ሌላው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግድግዳ የሚፈርሰው በመጨረሻ ነው።

የፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሪሼልዩ ሕንፃውን ያደሰው እንዲህ በሁለት ከፍሎ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሲታደስ በሌላው ሠሩ፤ ከዚያ ተዛወሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጠናቀቀ። ረጅም ነው፤ ግን በሩ አልተዘጋም።

አጠገብ ለአጠገብ ስትገነቡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አዲሱ ሕንፃ ይቀመጣል፤ ትንሽም ቢሆን ወደ ታች ይወርዳል። አሮጌው ተቀምጦ ጨርሷል። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ይተው፤ በአርማታ አታጣብቋቸው። መረሬ አፈር ካለ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ ከአሮጌው መሠረት ሥር ያለውን አፈር በአንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር አትቆፍሩ። አጭር አጭር እያደረጉ ይቆፈራል፣ ይሞላል፣ ከዚያ ቀጣዩ። ኤክስካቫተር ተከራይቶ የመጣ ሰው ይቸኩላል። እንዲቸኩል አትፍቀዱለት።

እያንዳንዱ ክንፍ ብቻውን የሚቆም መብራት፣ ውሃና ሽንት ቤት ይኑረው። አንዱ ሲቋረጥ ሌላው አብሮ ከጠፋ ላይብረሪው በስም ብቻ ነው የተከፈተው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶም ለየብቻ ያስፈልጋል።

6. መጽሐፍ ማዛወር፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ

መጽሐፍ በፍሬ አይቆጠርም፤ በሜትር ይለካል። እያንዳንዱን ረድፍ በሜትር ለኩና ጻፉ። አዲሱ ቦታ ላይም ያለውን ለኩ። አዲስ መደርደሪያ ከሦስት አራተኛ በላይ አትሙሉ። የሚመጣው ዓመት መጽሐፍ ይመጣል። ጥቅጥቅ ካደረጋችሁት አንድ መጽሐፍ ለማስገባት መቶ መጽሐፍ ትገፋላችሁ።

ከዚያ የሚፈለገውንና የማይፈለገውን ለዩ። ሪቻርድ ትሩስዌል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የጻፈው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ ከውሰቱ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከመጻሕፍቱ 20 በመቶ ገደማው ነው። የውሰት መዝገባችሁን ክፈቱ። ባለፉት ሦስት ዓመታት የወጡትን ነጥሉ። እነዚህና ሪዘርቮቹ አንድም ቀን ከአንባቢ እጅ አይራቁ። ቀሪው በካርቶን ሊገባ ይችላል፤ ግን ጠያቂ ሲመጣ በማግስቱ የሚያወጣለት ሰው መድቡ።

ብራናና ብርቅ መጻሕፍት ከሁሉ በፊት ይውጡ። ከሥራው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይቆዩ። ጀርመን ዋይማር ውስጥ ያለው የአና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. መስከረም 2004 ሲቃጠል፣ መጻሕፍቱ ለእድሳቱ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነበር። 50 ሺህ ያህል ጥራዝ ጠፋ። ጥቂት ሳምንት!

ካርቶን ስትገዙ ትልቁን አትምረጡ። ትልቅ ካርቶን መጽሐፍ ሲሞላ ማንም አያነሳውም፤ ካነሳውም ወገቡን ይጎዳል። ሲሞላ ከ15 ኪሎ የማይበልጥ ይሁን። መጽሐፉ እንደቆመ ይግባ፤ ወይም በጀርባው ይተኛ። ገጹ ወደ ታች ሆኖ ከተንጠለጠለ በክብደቱ ከሽፋኑ ይላቀቃል። በየካርቶኑ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የመጣበት ረድፍ፣ የሚሄድበት ረድፍ፣ ተራ ቁጥሩ። ከሁለት ጎን ይጻፍ። አንድ ጎን ብቻ ከጻፋችሁ፣ ሲደረደር በእርግጠኝነት የተጻፈበት ወደ ግድግዳው ይዞራል።

የመደርደሩን ሥራ ከሁለት ሰው በላይ አትስጡ። ሃያ ሰው ይሸከም። የሚደረድረው ግን የምደባ ቁጥሩን የሚያውቅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይሁን። ቁጥሩን ሳያይ የደረደረው ሰው ያበላሸውን ለማቃናት ወር ይፈጃል። እኔ ፈጅቶብኛል።

7. አቧራና ጩኸት

የመከለያ ግድግዳው በሞራሌና በኮምፔንሳቶ ይሠራ። ላስቲክ ብቻውን አይበቃም፤ በሳምንት ውስጥ ይቀደዳል። ዋናው ነገር ከፍታው ነው። መከለያው ኮርኒሱ ጋ ከቆመ አቧራው ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ አልፎ ሰላሳ ሜትር ርቀው ባሉ መጻሕፍት ላይ ይወርዳል። ኮርኒሱን ከፍታችሁ መከለያውን እስከ ስላቡ (የላይኛው ፎቅ የአርማታ ወለል) ድረስ አድርሱት። ስንጥቁን በፎም ዝጉት። በሩ ሁለት ይሁን፤ በመካከላቸው አንድ ሰውና አንድ ጋሪ የሚያስቆም ቦታ ይኑር። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት። መሬት ላይ እርጥብ ጆንያ ይነጠፍ።

በሥራው በኩል አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ፋን መስኮት ላይ ግጠሙ። አየሩ ከማንበቢያው ወደ ሳይቱ እንጂ ከሳይቱ ወደ ማንበቢያው እንዳይነፍስ ነው። መሥራቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰንደል ለኩሱና የበሩ ስንጥቅ ጋ ያዙት። ጭሱ ወደ ሳይቱ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ እናንተ ከመጣ ፋኑ አንሷል ወይም የሆነ ቦታ ተከፍቷል። እኛ በየጠዋቱ እንዲህ እናደርግ ነበር። ማታ ደግሞ ማንበቢያ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት እንተዋለን። ጠዋት ጣት ይታለፍበታል። መስመር ከታየ ፎርማኑ ይጠራል።

ጩኸትን ማጥፋት አይቻልም፤ ሰዓት መስጠት ግን ይቻላል። አንባቢ የሚያውቀውን ጩኸት ይችላል። የማያውቀው ነው የሚያሳብደው። ጃክ ሀመርና ድሪል ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በምሳ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ውጪ የለም። የሚፈርሰው አርማታ ከሆነ መዶሻውን ትታችሁ በውሃ የሚቆርጥ የአልማዝ መቁረጫ ጠይቁ። ዋጋው ይጨምራል፤ ንዝረቱ ግን በስላቡ ውስጥ አልፎ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ጠረጴዛ አያንቀጠቅጥም። ፌሮ የሚቆረጠው ከግቢው ጥግ፣ ከመስኮት ርቆ ነው። ለከባድ መኪና ከተማው ውስጥ የቀን ሰዓት ገደብ ስላለ አርማታ ብዙ ጊዜ ማታ ይመጣል። ያን ማታ ቀድማችሁ አሳውቁ፤ ሌላ ክፍልም ክፈቱ።

ለቀን ሠራተኞቹ የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የሚጠጣ ውሃና የሚያርፉበት ጥላ ከመጀመሪያው ቀን ይዘጋጅ። ከሌላቸው የት ይሂዱ? ሲሚንቶ በነካው ጫማ ማንበቢያው ውስጥ ያልፋሉ። ተማሪው ይቆጣል፤ እነሱ ያፍራሉ። ጥፋቱ ግን የሁለቱም አይደለም።

8. እሳትና መውጫ በር

ሥራ ያለበት ሕንፃ በቀላሉ ይቃጠላል። ብየዳ አለ፣ ጊዜያዊ ሽቦ አለ፣ ደረቅ እንጨትና ካርቶን አለ። ብየዳ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይሠራ። ፈቃዱ የዚያን ቀን ብቻ ይሁን። አንድ ሰው ማጥፊያ ይዞ አጠገቡ ይቁም፤ ብየዳው ካበቃ በኋላም አንድ ሰዓት ሙሉ ቦታውን ይጠብቅ። ፍንጣሪ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ሠራተኛው ቤቱ ከሄደ በኋላ።

በየሳምንቱ ሰኞ መውጫ በሮቹን ራሳችሁ ሂዱና ክፈቷቸው። በእጃችሁ። የሥራው ቦታ አንዱን መውጫ ከዘጋ የምታስገቡትን ሰው ቁጥር ቀንሱ፤ ወይም ምትክ መውጫ ሥሩ። ጥበቃዎች መጽሐፍ እንዳይሰረቅ ብለው የኋላውን በር በቁልፍ ይዘጋሉ። ክፋት የላቸውም፤ የታዘዙት ያንን ነው። ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው። ከውስጥ ሲገፋ የሚከፈት፣ ሲከፈት የሚጮህ መቆለፊያ ግዙላቸው።

ውሃም እንደ እሳቱ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1997 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት እድሳቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ወቅት ጎርፍ ምድር ቤቱን ሞላው። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ጥራዝ ራሰ። እኛ አገር ሳይት ላይ የሚቀመጥ አሸዋና ፍርስራሽ የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል። አሸንዳውንና መውረጃውን በግንቦት መጨረሻ አስጠርጉ። በሥራ ጊዜ ምድር ቤት ውስጥ ካርቶን አታስቀምጡ፤ ግድ ከሆነም ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ይሁን። የራሰ መጽሐፍ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ሻጋታ ያወጣል። ሸራ፣ ፋንና ባዶ ጠረጴዛ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቆይ።

9. ለአንባቢው ንገሩት፤ ሁሉም ግን ማስታወቂያ አያነብም

የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ። እሑድ ማታ የሳምንቱን አውጡ፦ የትኛው ክፍል ይዘጋል፣ ጩኸቱ መቼ ነው፣ ምትኩ የት ነው። በር ላይም ለጥፉ። ከተማሪ ኅብረቱ አንድ ሰው የሳምንቱ የሥራ ስብሰባ ላይ ይቀመጥ።

አንድ ቀን መከለያውን በማታ አቁመን አደርን። ማስታወቂያ በየቦታው ለጥፈናል፤ ጥሩ ሠራን ብለናል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነጭ በትር የያዘ ልጅ ኮምፔንሳቶውን በእጁ እየዳሰሰ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ትናንት እዚህ ግድግዳ አልነበረም» አለኝ።

«ማታ ነው ያቆምነው። ማስታወቂያ...» ብዬ ጀመርኩና ዝም አልኩ።

«ለሦስት ዓመት በዚህ ነው የሄድኩት። ከበሩ አሥራ ስድስት እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። አሁን ከየት ልጀምር?»

ክንዴን ያዘና አብረን ሄድን። አዲሱን መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስንበት። ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነበር፦ ሃያ ሁለት፣ ወደ ግራ፣ ዘጠኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግነውን እናንተ ከመጀመሪያው አድርጉት። ማየት የተሳናቸውን ተማሪዎች ዝርዝር ከሚመለከተው ክፍል ውሰዱ። መንገድ ከመቀየሩ ከሁለት ቀን በፊት በስልክ ንገሯቸው። በቀየራችሁበት ጠዋት አንድ ሰው በሩ ላይ ይቁም። ጊዜያዊው መንገድ ዳር በወገብ ቁመት ገመድ ወይም እንጨት ይዘርጋ፤ እጃቸውን እያስኬዱ ይሄዱበታል። መንገዱ ላይ ባልዲ፣ ጋሪ፣ የቆመ ጣውላ አይገኝ። ዊልቸር ለሚጠቀሙም መወጣጫው ከመጀመሪያው ቀን ይሠራ፤ «ሲያልቅ ይሠራል» አይባልም።

10. ርክክብ

ክንፉ አልቋል ሲባል ቀን ሳይሆን ማታ ሄዳችሁ እዩት። ሁሉንም መብራት አብሩ። በየጠረጴዛው ተቀመጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ መጽሐፍ ክፈቱ። የራሳችሁ ጥላ ገጹ ላይ ከወደቀ መብራቱ ያለ ቦታው ነው። እያንዳንዱ ሶኬት ላይ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ጄኔሬተሩን አስነሱና ዋናውን መስመር አጥፉ።

አዲስ ቀለምና አዲስ ልስን እርጥበት አለው። መጽሐፍ ወዲያው አታስገቡ። መስኮቱን ከፍታችሁ ጥቂት ሳምንት አስደርቁ። በርካሽ የሚገዛ የእርጥበት መለኪያ ሰቅላችሁ ከ60 በመቶ በታች ወርዶ ሲረጋ አስገቡ።

ከዚያ ወንበሩን እንደገና ቁጠሩ። ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ ያው ወረቀት። ቁጥሩ ውሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ የሚቀጥለው ክንፍ አይዘጋ።

የዋስትና ጊዜው ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ከኮንትራክተሩ ክፍያ የያዛችሁትን የመያዣ ገንዘብ ሙሉ ክረምት ሳያልፍ አትልቀቁ። የመጀመሪያው ከባድ የሐምሌ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበትን መገጣጠሚያ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው እዚያ ነው። የረጠበውን ቦታ በጠመኔ ክበቡት፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ፎቶ አንሱትና በዚያው ማታ ለኮንትራክተሩ ላኩለት።